የጋለው ዲስክና የሃምሳ ሰዓቱ ወረቀት

በዚያ ቅዳሜ መኪናው ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ልጄ፣ ጎረቤቴ እትዬ እና ሃያ አምስት ፓውንድ ጤፍ ነን። ጤፉን ከሰው ጋር የቆጠርኩት ቀበቶ ታስሮለት ስለ ነበር ነው። ፍሬን ሲያዝ ተወርውሮ ማጅራታችንን ይመታናል ብዬ ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ኋላ ላይ መካኒኩ ተጨመረ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ወሬው ቤተ ክርስቲያን ከደረሰ ወዲህ «እኔም እዚያ ነበርኩ» የሚሉ ሴቶች ስለ በዙ ነው። አልነበራችሁም።

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ልጄ «ፈሪ ነሽ» ትለኛለች፤ እኔ ግን ጠንቃቃ የሚለውን እመርጣለሁ። ወይን ፍሬ ለአራት እየሰነጠቅኩ ያበላኋት ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላት ድረስ ነው። ከቤት ስወጣ ምድጃው መጥፋቱን አይቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ መኪናው ጋ ደርሼ፣ ተመልሼ ከፍቼ ምድጃውን እንደገና አያለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለ ቆመ የማላውቀው ነገር ሁሉ አደጋ ያለበት ይመስለኛል። የማውቀው ደግሞ አደጋ እንዳለበት አውቃለሁ።

ልጄ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ዳውንታውን ያለ አንድ ሆስፒታል ቅዳሜና እሁድ ለታማሚዎች ምግብ የሚያደርሱ ልጆች ሲፈልግ አመለከተች፤ ተቀበሏት። ሥራው የሚጀመረው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። በዚያ ሰዓት ከእኛ ሰፈር የሚያደርሳት አውቶቡስ የለም፤ እኔም በዚያው ሰዓት ወደ ዌርሃውስ፣ ወደ መጋዘን ሥራዬ፣ እሄዳለሁ። ስለዚህ ራሷ መንዳት አለባት። የመንጃ ፈቃድ ፈተናዋ ደግሞ ለሰኞ ተቀጥሯል።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድላታል። በኦሃዮ እንደ እሷ ያለ ልጅ ከመፈተኑ በፊት ወላጅ «ከእኔ ጋር ሃምሳ ሰዓት ነድቷል» ብሎ ኖተሪ በሚሉት ውል አረጋጋጭ ፊት መፈረም አለበት። ወረቀቱ ተሞልቶ መኪናው ኪስ ውስጥ ተቀምጧል። የቀረው የእኔ ፊርማ ነው። እኔ ካልፈረምኩ ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ ሥራው ለሌላ ልጅ ይሰጣል።

ሰዓቱን የምመዘግበው እኔ ነበርኩ። የልጄ ስልክ ሃምሳ ሦስት ሰዓት ይላል፤ የእኔ ደብተር ሠላሳ አንድ። ልዩነቱ የመጣው ከአቆጣጠሬ ነው። ዝናብ የጣለበትን ሰዓት አልቆጥርም። መሪውን በአንድ እጇ የያዘችበትን ቀን ሙሉውን እሰርዛለሁ። እኔ «ወላዲተ አምላክ!» ብዬ የጮህኩበት ጉዞ በሙሉ አይያዝም። በዚህ ስሌት ልጄ መንጃ ፈቃድ የምታወጣው የልጅ ልጅ ካሳየችኝ በኋላ ነበር። ማጭበርበር መሆኑን አውቃለሁ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ሳቃቸውን በነጠላቸው አፍነው «ይህንንማ ለልጅቷ ንገሪያት» አሉኝ። አልነገርኳትም።

በዚያ ቅዳሜ ሞርስ ሮድ ካለው ሱቅ ጤፍ ገዝተን ሊንደን ለምትኖረው ለእትዬ እህት ልናደርስ ነበር የወጣነው። እስከ ሱቁ የነዳችው ልጄ ናት። አንድም ጊዜ አልጮህኩም፤ ስለዚህ ሃያ ደቂቃ መመዝገብ ሊኖርብኝ ነው ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር። ከሱቁ ስንወጣ ካፊያ ጀመረ።

«ቁልፉን አምጪ» አልኳት።

«ማሚ፣ ካፊያ እኮ ነው።»

«ካፊያ ዝናብ ነው።»

«ዋይፐር እንኳን አያስፈልገውም!»

«ዋይፐር የማያስፈልገው ዝናብ ነው የሚያንሸራትተው።»

እትዬ ከኋላ ወንበር፣ ከጤፉ ጎን ሆነው «ስጫት ልጄ፣ ስጫት» አሉ። «እናትሽ ስትነዳ ማየት ጥሩ ነው። ዳዊት ለመድገም በቂ ጊዜ ይገኛል።»

መሪውን ይዤ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ወረድኩ። ያ መንገድ በየጥቂቱ የትራፊክ መብራት ያለበት ነው። አረንጓዴ ቢሆንም እኔ አላምነውም፤ እስክደርስ ቢቀየርስ? ቀስ እላለሁ። ከኋላዬ ጥሩምባ ይነፋል። እንደዚያ እየሄድን ሳለ ሽታ መጣ፤ ፀጉር የተቃጠለ የሚመስል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ።

«የምን ሽታ ነው?» አሉ እትዬ። «አንድ ሰው ድስት ጥዶ ረስቷል።»

«እትዬ፣ መኪና ውስጥ እኮ ነን።»

«አውቃለሁ። ሰፈሩን ነው የማማው።»

ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ጎናችን ያለ ሰውዬ መስኮቱን አውርዶ እጁን እያወናጨፈ ጮኸ። ሰላምታ መስሎኝ ፈገግ ብዬ እጄን አነሳሁለት። ጭራሽ ከወገቡ ወጥቶ ወደ ፊት ጎማዬ ይጠቁም ጀመር። ልጄ በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ አየችና በጣም በተረጋጋ ድምፅ፣ ገና ነርስ ሳትሆን እንደ ነርስ፣ «ማሚ፣ ጎማችን እየጨሰ ነው። ወደ ቀኝ ግቢ» አለችኝ።

አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ገብተን ወረድን። ከፊት ጎማው መሃል ቀጭን ጭስ እየተጠማዘዘ ይወጣል። እኔ ወዲያው የውሃ ጠርሙሴን ከፈትኩ። ልጄ ግን እጄን ይዛ መካኒካችንን ኮል አደረገችው፤ ጋራዡ እዚያው ሊንደን፣ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ድምፁን ለሁላችን አሰማችን።

«ውሃ እንዳታፈሱበት!» አለ፣ ገና «ጭስ» ስትለው።

እኔ የጠርሙሱን ክዳን ቀስ ብዬ መለስኩ።

«እህቴ፣ እዚያ ነሽ? የጋለ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈሺ ምን ይሆናል?»

«ይሰነጠቃል።»

«የፍሬኑ ዲስክም ይጣመማል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። ተዉት፣ ንፋስ ይምታው። ማንም እጁን እንዳያስጠጋ። እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ እኔ በእግሬ እመጣለሁ።»

እውነቱን ልጻፍ፤ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። መኪናው ባይጨስ እመርጣለሁ፤ ከጨሰ ዘንዳ ግን በጥሩ ቀን ነው የጨሰው። ለወራት «ገና አልደረሰችም» ስል ማንም አልሰማኝም። አሁን ፍርሃቴ ጭስ አውጥቶ ራሱ መሰከረልኝ።

«አየሽ?» አልኳት። «እንደዚያ እየነዳሽ ነው ያበላሸሽው።»

«ስትነጂ የነበርሽው አንቺ ነሽ!»

«አንቺ ስትነጂ ተበላሸ፤ እኔ ስነዳ ጨሰ። በሽታና ትኩሳት እንደዚያ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ይገባል።»

ልጄ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረች። ሁሉም ባይገባኝም ዜማው ገብቶኛል። እትዬ ከመኪናው ወርደው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው በመሃላችን ቆሙ።

«በቃ፣ እኔ ልዳኛችሁ» አሉ። «መካኒኩ ይመጣል፣ ያያል፣ ይናገራል። ጥፋቱ የልጅቷ ከሆነ ፈተናው ለሚመጣው ዓመት ይቆያል። ጥፋቱ የእናቲቱ ከሆነ ዛሬውኑ፣ ኖተሪው ሳይዘጋ፣ ትፈርማለች። ተስማማችሁ?»

ልጄ እኔን አየችኝ። ሥራውን፣ ሰኞን፣ ሁሉንም በአንድ ቃል ማስያዝ ነበረባት። «ኦኬ» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ግን ቀጥኖ ነበር።

እኔ ግን ሳላቅማማ «ተስማምቻለሁ» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

መካኒኩ በዲቪ የመጣ፣ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ እያወራ የማይስቅ፣ ማሳቅ ግን የሚያውቅ ሰው ነው። መኪናው ሲበርድ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አየ፣ አሸተተ፣ ፍሬኑን ደጋግሞ ረግጦ ሞከረና ራሱ በቀስታ ነድቶ ወደ ጋራዡ ወሰደው። እኛ ከኋላው በእግር ተከተልን። ጤፉ ግን ቀበቶውን እንዳሰረ በመኪና ሄደ።

ጋራዡ ስንደርስ መኪናውን በክሪክ አንስቶ የፊቱን ጎማ ፈትቶ ነበር። ከጎማው በስተጀርባ ያለውን አይቼው አላውቅም። ሰሃን የሚያህል ክብ ብረት ነው፤ ዲስክ የሚሉት እሱ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ሁለት ሸራዎች ከግራና ከቀኝ መጥተው ጭምቅ አድርገው ይይዙታል። የእኔ ዲስክ ብረት መልክ አልነበረውም፤ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሆኖ፣ ዘይት የነካው ውሃ ይመስል ነበር። ሸራዎቹን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አልቀው ቀጥነዋል፤ ፊታቸው እንደ መስታወት ያብረቀርቃል።

«ማን ነው መንዳት ያስተማረሽ?» አለኝ።

«እኔን? ልጄን አትጠይቃትም?»

«አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

ነገርኩት። በዚህ ከተማ በእኔ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ብዙዎቹን መንዳት ያስተማሩት አንድ ጋሼ ናቸው። አገር ቤት የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። እዚህ ማታ እየሠሩ፣ ጠዋት ሳይተኙ፣ ኖርዝላንድ ከተዘጋ ትልቅ ሱቅ ጀርባ ባለው ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ በአሮጌ መኪናቸው በነፃ ያስተምሩን ነበር። አንዷን ሲጨርሱ ሌላዋ ተራ ይዛ ትቆማለች። «እግርሽ ፍሬን ይጠብቅ፤ ፍሬን ላይ ያለች እግር ነፍስ ታድናለች» ይሉን ነበር። ያስተማሩኝን አንድም ቀን አልዘነጋሁም።

መካኒኩ ሸራውን አስቀመጠና እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አውቄያለሁ» አለ። «ገና ዲስኩን ሳየው የጋሼ ተማሪ አልኩ። እግዜር ይስጣቸው፤ የእኔን ልጆች የሚያሳድጉት የእሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ለመሆኑ ስትነጂ ግራ እግርሽ የት ነው ያለችው?»

«ቦታዋ ላይ።»

«ቦታዋ የት ነው?»

«ፍሬን ላይ ነዋ!»

ልጄ ዞራ አፍጥጣ አየችኝ። ለካ በዚያ ሁሉ ዓመት ጎኔ ተቀምጣ አንድም ቀን ወደ እግሬ አይታ አታውቅም።

«ቀኟስ?» አለ መካኒኩ።

«ነዳጅ ላይ።»

«ሁለቱም በአንድ ጊዜ?»

«ታዲያ አንዷን ቤት ትቻት ልምጣ?»

ልጄ መሳቅ ጀመረች። እትዬ ግን አልሳቁም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ትኩር ብለው ያነቡ ነበር። ያለፈው ዓመት ነው።

«ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዱት ፍሪሲዮን ያለው መኪና ነው» አለ መካኒኩ። «ሦስት ፔዳል። ቀኝ እግር ለነዳጅና ለፍሬን፣ ግራ እግር ለፍሪሲዮን። እዚህ ሲመጡ መኪናው ሁለት ፔዳል ብቻ ሆነ፤ ግራ እግር ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታች እግር ደግሞ አስጠላቻቸውና ፍሬን ላይ ቀጠሯት። እትዬ፣ እርስዎም የእሳቸው ተማሪ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ዛሬ ዳኛ ነኝ» አሉ እትዬ ከቀን መቁጠሪያው ሳይነሱ። «ዳኛ አይመረመርም።»

እኔ ግን በቀላሉ የምረታ ሰው አይደለሁም። «እኔ እኮ አልረግጠውም» አልኩ። «አሳርፋታለሁ ብቻ። ማሳረፍ ያጨሳል እንዴ?»

«ያጨሳል።»

«አላምንም።»

«እንግዲያው እንለካዋለን» አለ።

አዲስ ዲስክና አዲስ ሸራ ገጠመ። ሲጨርስ ከመሳቢያው ሽጉጥ የሚመስል ሙቀት መለኪያ አወጣ፤ ሳይነኩት ከሩቅ ሲያነጣጥሩበት ቁጥር ያሳያል። ስምምነታችን ይህ ነበር፤ ልጄ ሰፈሩን አራት ዙር ትዞራለች፣ ይለካል። ከዚያ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን፤ እኔም እነዚያኑ አራት ዙሮች እዞራለሁ፣ ይለካል።

መጀመሪያ ልጄ ሄደች። እኔ እንደ ሕጉ ጎኗ፣ እትዬ ከኋላ። ማቆሚያ ምልክቱ ከሩቅ ሲታያት እግሯን ከነዳጁ ታነሳለች፤ መኪናው በራሱ ይደክማል፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ፍሬኑን ትነካለች። ስንመለስ መካኒኩ በጎማው ክፍተት አነጣጠረ። መቶ ሰባ ዲግሪ፣ በዚህ አገር አለካክ፣ በፋራናይት።

ቀጥሎ እኔ። ከጎኔ ልጄ፣ ከኋላ ያው ዳኛዬ። የዚያን ቀን ያህል ተጠንቅቄ ነድቼ አላውቅም። ግራ እግሬን ፍሬኑ ላይ እንደ ዝንብ አሳረፍኳት። አንድ ሽኮኮ ዛፍ ላይ ሲወጣ አይቼ ቢወርድስ ብዬ ቀስ አልኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ እግሬ ትንሽ ከበደች፤ ጭንቅ ስለ ያዘኝ ነው። አራተኛው ላይ ልጄ ጣቷን ነክሳ በመስኮት ታያለች፤ ሳቅ ይሁን ጸሎት አልለየሁም። በር ላይ ስደርስ መካኒኩ እጆቹን አጣጥፎ ቆሟል።

«በአራቱም ዙር የኋላ የፍሬን መብራትሽ አንዴም አልጠፋም» አለኝ። «ከኋላ ላለ ሰው ቆመሻል ወይስ እየሄድሽ ነው? እግዜር ይወቅ።» ከዚያ አነጣጠረ። አራት መቶ አልፏል።

«መሣሪያው ተበላሽቷል» አልኩ።

ግድግዳውን ለካ፤ ትክክል ነው። የእትዬን ቦርሳ ለካ፤ ትክክል ነው። በመስኮት ጤፉ ላይ አነጣጥሮ «ሰባ ሁለት» አለ። «ጤፉ ደህና ነው።»

ያኔ መሳቅ ተውንና አስረዳኝ። «የሚሄድ መኪና ጉልበት አለው» አለ። «ስታቆሚው ያ ጉልበት የትም አይጠፋም። ሸራው ዲስኩን ሲያሽ ጉልበቱ ሙቀት ይሆናል። አንዴ ይዘሽ ከለቀቅሽ የሚያልፈው አየር ዲስኩን ያበርደዋል። አንቺ ግን በቀኝ እግርሽ እየገፋሽው በግራሽ ታሺዋለሽ። የሚያርፍበት ጊዜ የለውም። ሙቀቱ ሲበዛ ሸራው እንደ መስታወት ይለሰልስና መያዝ ያቆማል። ከዚያ አንድ ቀን የእውነት ስትፈልጊው ትረግጪዋለሽ፣ መኪናው ግን አይቆምልሽም። ይህ ደግሞ ጠፍጣፋ ከተማ ነው እህቴ! ቁልቁለት በሌለበት አገር ዲስክ ያቃጠላችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ።»

የገባኝ ከወፍጮ ቤት ነው። ልጅ ሆኜ ስንዴ አስፈጭቼ ስመለስ ዱቄቱ ትኩስ ነበር፤ በብርድ ቀን ከረጢቱን አቅፌው እሄዳለሁ። አንድ ቀን ባለ ወፍጮውን «እሳት የታለ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እሳት የለም፤ ድንጋይና ድንጋይ ሲተሻሽ ነው። ባዶውን ካስኬድኩትማ ድንጋዩ ራሱ ይበላል» አለኝ። ትምህርት ቤት አልዘለቅኩም እንጂ ወፍጮ ቤትስ ተምሬ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ነገር ይዤ ኖሬ መኪናዬ ውስጥ ባዶ ወፍጮ አስኬዳለሁ ብሎ ማን ያስባል?

«ጋሼ ራሳቸው ዓባይ በረሃን ሲወርዱ እንደዚህ አያደርጉም ነበር» አለ መካኒኩ ዕቃውን እየሰበሰበ። «በከባድ ማርሽ ነው የሚወርዱት፤ ፍሬን እንደሚቃጠል ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል። ለእናንተ ግን ፈሩ። ጎን ተቀምጠው ፍሬን የላቸውም፤ መሪው የእናንተ፣ ነፍሱ የእሳቸው ነው። ምን ያድርጉ?»

ለስድስት ወር ልጄ ጎን ተቀምጬ የመኪናውን ምንጣፍ በግራ እግሬ ስረግጥ ነበር፤ ምንጣፉ ተሸንቁሯል።

«ፍርድ» አሉ እትዬ ወደ እኛ ዞረው። «የእናቲቱ ጥፋት ነው። ወረቀቱ ይምጣ።»

«መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ» አልኩ።

እትዬ የራሳቸውን አውልቀው ሰጡኝ። «ይኸው። ሌላስ ምን ረስተሻል? ስምሽን?»

ጤፉን ለእህታቸው አድርሰን፣ ልጄ እየነዳች ወደ ሞርስ ሮድ ተመለስን። ኖተሪዋ የግብር ወረቀት የሚሞሉበት ቢሮ ውስጥ የተቀመጠች ልጅ እግር ሴት ናት፤ ልትዘጋ ቁልፍ ይዛ ነበር። እውነት መሆኑን ትምያለሽ ወይ አለችኝ። ያኔ ደብተሬ ትዝ አለኝ። ልጄን ወደ ጎን ጠርቼ ስለ ዝናቡ ሰዓት፣ ስለ አንድ እጅ ቀን፣ ስለ «ወላዲተ አምላክ» ሁሉንም ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች በአማርኛ። «ደብተሩን ሁልጊዜ ጠረጴዛ ላይ ትረሺዋለሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንድ ቀን ሲደክምሽ ትቆጥሪዋለሽ ብዬ።»

ማልኩ፤ ፈረምኩ። አራት ፊደል ስም ለመጻፍ ያን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አላውቅም ነበር። ኖተሪዋ ሁለት ጊዜ ሰዓቷን አየች። ልጄ ግን ወረቀቱን በሁለት እጇ፣ ልክ መሪ እንደምትይዝ፣ ያዘችው።

ሰኞ በመጀመሪያው አለፈች። እኔ በሦስተኛው ነው ያለፍኩት። ሁለተኛው ላይ የፈተነኝ ሰውዬ «ፍሬን ታበዣለሽ» ብሎኝ ነበር፤ ምስጋና መስሎኝ አመስግኜው ነበር የወረድኩት።

በዚያው ሳምንት ልጄ ወደዚያው ባዶ ፓርኪንግ ወሰደችኝና ጎኔ ተቀምጣ እንደ አዲስ አስተማረችኝ። የግራ ጫማዬን አስወልቃ ወደ ኋላ ወንበር ወረወረችው፤ እግሬንም ወደ ወንበሩ ሳብ አድርጊ አለችኝ። ጡረታ የወጣች እግር በጣም ታስቸግራለች፤ በየማዕዘኑ ልሂድ ትላለች። «ማሚ፣ እግር!» ስትለኝ እመልሳታለሁ። እትዬ ይህን ሲሰሙ «እኔ ግራ እግሬ ላይ ሪህ አለብኝ፤ እኔን አይመለከትም» አሉ። በነጋታው ግን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከመኪናቸው ሲወርዱ አየሁ፤ በቀኝ እግራቸው ጫማ፣ በግራው ካልሲ ብቻ ነበሩ። እንዳላየሁ አለፍኩ።

የመጀመሪያዋ የሥራ ቀን ቅዳሜ ነበር። እኔን ሥራ የምትወስደኝ ሌላ ሴት እስክትመጣ በመስኮት ቆሜ ሳያት፣ መኪናው ከግቢያችን ወጥቶ ማዕዘኑ ላይ ያለው ማቆሚያ ምልክት ጋ ደረሰ። የኋላው መብራት በራ። ቆመች፤ ግራ ቀኝ አየች፤ መብራቱ ጠፋ፤ ሄደች። ምድጃውን አይቼ ወጣሁ። አንዴ ብቻ።

ማታ ስትመለስ አንድ አዛውንት ታማሚ ሾርባው ቀዝቅዟል ብለው እንዴት እንደ ተቆጧት እየሳቀች ነገረችኝ። መንገዱን ግን አላነሳችውም፤ ለእሷ መንገድ ብቻ ነበር።

እኔ ግን ለጋሼ ልነግራቸው ፈለግሁ። ልጄ በመጀመሪያው ማለፏን፣ በአንድ እግር መሆኑንም። ስደውል ስልካቸው አይሠራም። ከዚህ ከተማ ከሄዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዳላስ ናቸው የሚሉ አሉ፣ ዴንቨር ናቸው የሚሉም አሉ። ዳላስ ከሆኑ ግድ የለም። ዴንቨር ግን ተራራ ነው ይላሉ፤ እዚያ ሴቶቹን እያስተማሩ ከሆነ በቶሎ ላገኛቸው ይገባል። ረዘም ያሉ፣ ሁልጊዜ ግራጫ ሹራብ የሚለብሱ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሰው ናቸው። ያሉበትን የምታውቁ፣ ደህና መሆናቸውን ንገሩኝ።